አንድ ስንዝር

«መኪናዋ ካልተነሣች ድንኳኑን ሰማይ ላይ ነው እንዴ የምንተክለው?» አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዲሳሳ፣ የሸራውን ጫፍ ብብታቸው ሥር ወሽቀው።

ስምንት ወንዶች ድንኳኑን ተሸክመው የኤልሳዕ ግቢ መካከል ቆመዋል። ከፊታቸው አንዲት አረንጓዴ መኪና ግቢውን ዘግታ ቆማለች። ኤልሳዕ ከሞተ አራት ሰዓት አልሞላም። ቤት ውስጥ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ግቢ ውስጥ ወንዶቹ መኪና ይገፋሉ። ከፊት ገፉ፣ ከኋላ ገፉ፣ በጎን ብድግ ሊያደርጓት ሞከሩ፤ ወይ ፍንክች! ማርሽ ውስጥ አስገብቶ አቁሟት ይሆናል ተባለ። ማርሿ ደግሞ እንደ ሌላ መኪና ማርሽ አይደለም። ኤልሳዕ በገዛ እጁ የሠራት ናትና ጠባይዋን የሚያውቀው እሱ ነበር።

«አንድ ሰው አለ የሚያውቅ» አለ ኡመር።

ኡመር የኤልሳዕ የአጥር ጎረቤት ነው። ገበያ ውስጥ አሮጌ ብረት ይሸጣል፤ የመኪናዋ ግማሽ አካል ከእሱ ክምር ውስጥ የተለቀመ ነው። አፉን የፈታው በበርታ ቋንቋ ስለሆነ አማርኛን እንደተመቸው ነው የሚያስኬደው።

«ሰራዊት ነድቶታል። ሦስት ጊዜ ነድቶታል፣ ወላሂ። እሱ ያስነሣው።»

ሁሉም ዞሩ። ሰራዊት የድንኳኑን ቋሚ ቀርከሃ ታቅፎ ከሁሉም ኋላ ቆሞ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እሱ በከተማው የተሽከርካሪ ቴክኒክ መርማሪ ነው፤ ይህችን መኪና በዘጠኝ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ፈትሾ፣ ሦስቴም «ብቁ አይደለችም» ብሎ በፊርማው የመለሳት እሱ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ የለም። እድርተኛ ነውና ድንኳን መትከል ግን ይመለከተዋል፤ ለሟቹ ታርጋ የከለከለ ሰው አይምጣ የሚል ነገር የእድሩ ደንብ ውስጥ አልተጻፈም።

«እንግዲህ ግባ» አሉት ጋሽ ዲሳሳ።

ገባ። መቀመጫው ከአሮጌ አውቶቡስ የተነቀለ ነው፤ ለረጅሙ ኤልሳዕ ተለክቶ ስለተተከለ የሰራዊት እግር ፔዳሉን የሚነካው በጫፉ ነው። መሪው ላይ የኤልሳዕ ጣቶች የግራሶ አሻራ አለ። እዚያ አሻራ ላይ እጁን ላለማሳረፍ ሞከረ፤ ሌላ መያዣ ቦታ ግን አልነበረም። ከበሩ ሥር ያለውን የእጅ ፍሬን ለቀቀ፣ ማርሹ ባዶ ላይ መሆኑን ነካክቶ አየ፣ የቤንዚኑን መክፈቻ እስከ ግማሽ አዞረ። ከዚያ በቁልፍ ፈንታ የተገጠሙትን ሁለት የቤት መብራት ማብሪያዎች፣ የታችኛውን አስቀድሞ የላይኛውን አስከትሎ ተጫናቸው። ያስተማረው ኤልሳዕ ነበር፤ «ቅደም ተከተሉን ከሳትክ ትኮራብሃለች» እያለ።

ሞተሩ እንደ አዛውንት ሁለቴ ሳለና ተነሣ።

ቤት ውስጥ ልቅሶው ቀጥ አለ። ወዲያው የኤልሳዕ ሚስት ማንጠግቦሽ ባዶ እግሯን እየሮጠች ወጣች።

«መጣ! አላልኳችሁም? ይኸው መጣ! ኤልሳዕ መጣ!»

ሴቶቹ ሊይዟት ቢከተሏትም አልደረሱባትም። መኪናዋ ጋ ደርሳ በሩን በሁለት እጇ ጨበጠች፤ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየች። መሪውን የያዘው ሰራዊት ነው።

«አንተ ነህ?» አለች። አልጮኸችም። ከዚያ ሴቶቹ ደርሰው በሁለት ወገን ያዟት።

ሰራዊት መኪናዋን አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ነድቶ ማንጎው ሥር አቆማትና ሞተሩን አጠፋ። ከኋላው ድንኳኑ መተከል ጀመረ።

*

ኤልሳዕ የቡለን ልጅ ነው። አሶሳ የመጣው ብየዳ ሊያስተምር ነበር፣ እዚያው አግብቶ ቀረ። ተማሪዎቹ ይወዱትም ይፈሩትም ነበር። ሁለት ቀን የተለፋበት የመስኮት ፍሬም ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካየ «ፍታውና እንደገና ጀምር» ይላል። ተማሪው «ቀለም ሲቀባ እኮ አይታይም» ካለው «እኔ ባላየው ብረቱ ያውቀዋል» ብሎ ጥሎት ይሄዳል።

መኪናዋን ለመሥራት አራት ዓመት ፈጀበት። ወገቧ የውኃ ቧንቧና የአልጋ ብረት ነው፤ ሞተሯ የባጃጅ፤ አፍንጫዋ ከበርሜል ተቀጥቅጦ የወጣ፤ ቀለሟ የትምህርት ቤት በር ተቀብቶ የተረፈ አረንጓዴ። እሱና ማንጠግቦሽ ልጅ አልነበራቸውምና የሰፈሩ ሰው «የኤልሳዕ የበኩር ልጅ» ይላት ነበር። «ቡለን እናቴ ዘንድ ነው የምወስዳት» ሲል ደግሞ ይስቁበታል። «ቡለን? እስቲ መጀመሪያ ባምባሲ ትድረስ!»

ኅዳር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምርመራ አቀረባት። ሠራተኛው ሁሉ ቢሮውን ጥሎ ወጣ፤ እየዞሩ አዩዋት፣ ፎቶ ተነሡባት። ሰራዊት ቅጹን ይዞ መጣ።

«የት ነው የተሠራችው?» ቅጹ ላይ እንዲህ የሚል ቦታ አለ።

«ጓሮዬ።»

«የሠራት ፋብሪካ?»

«ኤልሳዕና ሚስቱ» አለ ኤልሳዕ። «እሷ ባትሪ ታበራልኛለች።»

«ሻንሲ ቁጥሯስ?»

«ስንት ቢሆን ደስ ይልሃል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰራዊት አልሳቀም፤ ሥራ ላይ አይስቅም። ቱታውን አጥልቆ በጀርባው ተንሸራቶ ከሥሯ ገባ፣ አርባ ደቂቃ ቆየ። ሲወጣ አሥራ አንድ ጉድለት ጽፎ ነበር። ኤልሳዕ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው፣ አጣጥፎ ከደረት ኪሱ ከተተው። ሰራዊት ወይ ስድብ ወይ ልመና ሲጠብቅ ኤልሳዕ እጁን ለሰላምታ ዘረጋለት።

«ታውቃለህ ጌታው» አለው፣ «ያያት ሁሉ ‹ጎበዝ› ይለኛል። እስካሁን ሥሯ ገብቶ ያያት አንተ ብቻ ነህ።»

መጋቢት ላይ አሥራ አንዱ ጉድለት ወደ ሦስት ወርዶ ነበር። የተሰጠውን ሻንሲ ቁጥር ወገቧ ላይ በመዶሻ አንድ በአንድ ቀርጾታል። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲገናኙ የሚያወሩት ስለ እሷ ብቻ ሆነ። ኤልሳዕ ቤቱ እንዲመጣ ደጋግሞ ለመነው። ሰራዊት ግን የሰውን መኪና እየፈተሹ ቤቱ ገብቶ መብላት የማይሆንለት ሰው ነው። «ታርጋዋ ይውጣና መጥቼ እራት እበላለሁ» ይለው ነበር። ይኸው የመጀመሪያ መግቢያው ድንኳን ተሸክሞ ሆነ።

*

ዓርብ፣ ከቀብር መልስ፣ ድንኳኑ ሞላ። ንፍሮ ዞረ። ሰራዊት ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጧል፤ ከአጠገቡ ያለው ቦታ ሰው እየመጣ ቢሄድም ባዶውን ነው የዋለው። ከኋላው ሁለት ሰዎች ይንሾካሾካሉ።

«ይሄ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ደፍሮ መጣ?»

«ለአንዲት የእጅ ፍሬን እኮ ነው! ስትቆም ለሚይዛት ፍሬን! ፈርሞለት ቢሆን ሰውየው ሐሙስ በገዛ መኪናው ሐኪም ቤት ይደርስ ነበር።»

ሰራዊት እጁ ላይ የነበረውን ንፍሮ አልበላውም፣ አልጣለውም። ተነሣና ከድንኳኑ ጀርባ ሄደ። ኡመር ለሰው እጅ ማስታጠቢያ ውኃ በጀሪካን ያመላልሳል።

«ሐሙስ ጠዋት ምንድን ነው የሆነው?»

«ተው ሰራዊት። ሰው ሞቷል፣ ኸላስ፣ አለቀ።»

«ንገረኝ።»

ኡመር ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠ። «ደረቱን ይዟል። ላብ እንደ ውኃ። ማንጠግቦሽ ጮኸ፣ እኔ መጣሁ። ባጃጅ ፍለጋ ሮጥኩ፤ ባጃጅ የለም፣ ሁሉም ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው። ተመለስኩ። ‹ኤልሳዕ፣ መኪና ይኸው ቆሟል። እንዴት እንደሚነሣ ንገረኝ፣ እኔ እነዳለሁ› አልኩት። እምቢ አለ።»

«ምን ብሎ?»

«‹ሰራዊት ሳይፈርም ከግቢ አይወጣም› አለ። ማንጠግቦሽ እግሩን ይዞ ለመነ። እምቢ። ሳቀ እንኳ፣ ወላሂ። ‹ሰኞ ነው ቀጠሮ፤ አራት ቀን ነው የቀረው› አለ። ባጃጅ ሲገኝ ንግግር አቁሟል። ሐኪሞቹ ብዙ ደከሙ።»

ሰራዊት ጠየቀ። «በጊዜ ቢደርስ ይድን ነበር?»

ኡመር ደግ ሰው ነው። ሰራዊትን ማታ እንቅልፍ ይወስደው ዘንድ «አይድንም ነበር» ሊለው ይችል ነበር፤ ሰራዊትም የፈለገው ያንኑ ነው። ኡመር ግን ሊዋሸው አልወደደም። «አላህ ያውቃል» አለ። «እኔ ሐኪም አይደለሁም።» ጀሪካኑን አነሣና ሄደ።

ሰራዊት እዚያው፣ ከማንጎው ሥር ከቆመችው መኪና ፊት ለፊት፣ ብቻውን ቀረ።

ሦስተኛው ፈተና ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ የሲሚንቶ ተዳፋት አለ፤ መኪና እዚያ ላይ ቆሞ የእጅ ፍሬኑ ይፈተሻል። መሪው፣ መብራቱ፣ የእግር ፍሬኑ፣ ሁሉም ደህና ሆኖ ነበር። ሰራዊት ተዳፋቱ ላይ አቆማት፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ወረደ፤ ጎማዋ መሬት የነካችበት ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረና ቆሞ ጠበቀ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጎማዋ ከመስመሩ ቁልቁል ፈቀቅ አለች። ተንበርክኮ አውራ ጣቱን ከመስመሩ አስነክቶ እጁን ዘረጋ።

«አንድ ስንዝር ሄዳለች።»

ኤልሳዕም አጠገቡ ተንበረከከ። ያንን ብረት ያሰፋውን መዳፉን ዘርግቶ ለካና «በእኔ እጅ እኮ ስንዝር አይሞላም!» ብሎ ሳቀ። ደንቡ ግን ስለ ስንዝር አይደለም የሚያወራው፤ ጎማዋ ፈጽሞ እንዳትነቃነቅ ነው የሚለው። ሰራዊት ቅጹን አወጣ። ዘጠኝ ወር መመላለሱን አሰበ፣ አራት ዓመቱን አሰበ፣ እስክሪብቶው «ብቁ ናት» የሚለው ሳጥን ላይ ሄዶ ቆመ። ይህን ያየው ኤልሳዕ ነው። እጁን ቅጹ ላይ ጣል አደረገ።

«እንዳትሳሳት» አለው። «ፊርማውን ካንተ ነው የምፈልገው፤ ከእጅህ መዘናጋት አይደለም። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ ቅጠረኝ።»

ይህን ከሰራዊት በቀር የሚያውቅ የለም። ለማንጠግቦሽ ቢነግራት የጥፋቱ ሸክም ይቀልለት ይሆናል። ግን ምን ብሎ? ባልሽ ነው የከለከለኝ ብሎ? በሞተ ሰው ማሳበብ ሆነበትና ዋጠው።

*

የኤልሳዕ እናት ወይዘሮ ስንቅነሽ ከቡለን የደረሱት ዓርብ ሊመሽ ሲል ነው። «ትንሽ አሞታል» ተብለው ነበር መንገድ የጀመሩት። መርዶውን በር ላይ ሰሙ። ቁመታቸው የልጃቸው ነው፣ እጃቸውም የልጃቸው ነው። በዚያ ትልቅ እጃቸው ደረታቸውን ሲመቱ ያየ ሁሉ ፊቱን አዞረ። ከሁሉ ያንገበገባቸው ከቀብሩ አለመድረሳቸው ነበር። «አፈር ሲቀምስ እንኳ ሳላየው!» እያሉ ድምፃቸው እስኪዘጋ አለቀሱ።

በማግስቱ ቅዳሜ ሣልስቱ ነው። ዘመድ አዝማድ ፍትሐት ለማስፈታት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ ግቢው ውስጥ ሲሰባሰብ ወይዘሮ ስንቅነሽ በሁለት ሴቶች ተደግፈው ድንኳኑ በር ላይ ቆሙ።

«ዳኛው ማነው?» አሉ፣ በተዘጋ ድምፃቸው።

«እኔ ነኝ፣ እናቴ» አሉ ጋሽ ዲሳሳ ተነሥተው።

«በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ፈረሱ ልቅሶ ላይ ይወጣል። ልብሱ ኮርቻው ላይ ይደረግና ፊት ፊት ይሳባል። ልጄን አላየሁትም። ፈረሱን ልይለት። ልጄ ፈረስ የለውም እንዴ?»

የሁሉም ዓይን ቀስ እያለ ወደ ማንጎው ሄደ።

«አለው እንጂ!» አሉ ጋሽ ዲሳሳ። «እንዴት አይኖረው! በሉ ትውጣ!»

«አትችልም» አለ አንድ ድምፅ። «ታርጋ የላትም።»

ሰራዊት ነበር። ሃያ ዓመት የሠራበት አፍ ነው፤ ሳያማክረው ተናገረ። ድንኳኑ ውስጥ ማጉረምረም ተነሣ። «አሁንም?» አለ አንዱ። «ሞቶም?» አለ ሌላው። ከሴቶቹ መካከል ማንጠግቦሽ ተነሥታ መጣች። ከሐሙስ ጀምሮ ለሰራዊት ቃል ተናግራው አታውቅም።

«ጠልቼሃለሁ» አለችው። «ሰው ሁሉ ይስማ፤ ጠልቼሃለሁ። እግሩን ይዤ ስለምነው ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹ሥሯ ገብቶ ያያት እሱ ብቻ ነው፤ እሱን አላሳፍረውም› አለኝ። ለእኔ አላሰበም። ለአንተ አሰበ! ያቺን ስንዝርህን ሊያጠፋልህ አራት ቀን በጀርባው ተኝቶ ዋለ። ባትሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሲጨርስ ‹ያዘ ወይ?› ብለው እንኳ አልነገረኝም። ‹ሰኞ ሰራዊት ይነግረናል› አለኝ። ሰኞን የት ልፈልገው አሁን? ንገረኛ!»

እውነቷን ነው። ሰራዊት ያናገረው ግን እሷን ሳይሆን አሮጊቷን ነበር።

«እማማ፣ ፈረስ በልጓም ነው የሚሳበው?»

«በልጓም ነው ልጄ።»

«እንግዲያው ሞተሯ ሳይነሣ ትውጣ። በሰው እጅ የሚሳብ ነገር ታርጋ አይጠየቅም። ገመድ ይምጣ። መሪውን እኔ እይዛለሁ።»

*

እንዲህ ሆነና የኤልሳዕ መኪና፣ ከምርመራ በቀር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግቢ ወጣች፤ ለልቅሶ። መቀመጫዋን የብየዳ ካፖርቱን አለበሱት፤ ጥቁሩን መነጽሩን ከላዩ አደረጉ። ከፊት አንድ ቀጭን ገመድ አሰሩላት፣ እሱን ወይዘሮ ስንቅነሽ ያዙ። ከኋላ ደግሞ ወፍራም ገመድ ታስሮ ጋሽ ዲሳሳ፣ ኡመርና ሌሎች አሥር ወንዶች ያዙት፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው የኮብልስቶን መንገድ መጀመሪያ ቁልቁለት ነውና መግፋቱ ሳይሆን ወደ ኋላ መያዙ ነው ሥራው። ሰራዊት በግራ በኩል በመስኮቱ እጁን አስገብቶ መሪውን ይዞ ይራመዳል። የጎማዎቿ ድምፅ ድንጋዩ ላይ ይሰማል። መንገደኛው ቆመ፤ ባለ ባጃጆች ዳር ይዘው ሞተር አጠፉ።

ከቁልቁለቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ ስንቅነሽ ቀጥ አሉ። ወደ መኪናዋ ዞሩ፣ የበርሜሉን ቆርቆሮ አፍንጫ በመዳፋቸው ዳሰሱ። ብየዳው ያለፈበትን እያንዳንዱን ቦታ በጣታቸው ተከተሉት።

«ቡለን ይዣት እመጣለሁ ብለኸኝ አልነበር?» አሉት ካፖርቱን እያዩ። «እኔው እስክመጣ ድረስ አስቸገርከኝ? እግሬ እኮ ያመኛል፣ ኤልሳዕ። እግሬ እንደሚያመኝ ታውቃለህ።» ልቅሶው ድጋሚ ፈነዳ። ሴቶቹ ከበቧቸው፤ ሰልፉ እንደቆመ ቀረ።

ከኋላ ጋሽ ዲሳሳ «ጉልበቴ አለቀ! ሰዎች፣ ቶሎ በሉ!» አሉ። ገመዱ እጃቸው ውስጥ እየተንሸራተተ ነው። ኡመር በአንድ እጁ ገመዱን እንደያዘ በሌላው የመንገድ ዳር ድንጋይ ሊያነሣ ጎንበስ አለ። «ጎማ ሥር አድርግ! ድንጋይ አድርግ!»

«ቆይ!» አለ ሰራዊት።

እጁን ከበሩ ሥር ሰድዶ የእጅ ፍሬኑን ሳበው። ጠንካራ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ጥርስ ነክሶ ያዘ። ሐሙስ ዕለት ይህንኑ ፍሬን በዚሁ እጁ ለቅቆት ነበር፤ ስምንት ወንድ ያልነቀነቃት በምን እንደሆነ ግን ልብ አላለም። መርማሪ ነኝ ባይ!

«እማማ፣ ከፊቷ ዞር በሉ።»

ወይዘሮ ስንቅነሽ አፍንጫዋን እንደያዙ ቀና ብለው አዩት። «ልጄ ነው የሠራት። አልዞርም።»

ሰራዊት ሁለተኛ አልለመናቸውም። እሱ ራሱ ዞሮ ከፊት ጎማዋ ቁልቁል፣ ከአሮጊቷ አጠገብ ሄደና ተንበረከከ። ከሸሚዙ ኪስ ጠመኔ አወጣ። ጠመኔው ለምን ለልቅሶ በለበሰው ሸሚዝ ኪስ ውስጥ እንደነበረ ቢጠየቅ መልስ የለውም። ጎማዋ ድንጋዩን በነካችበት ላይ መስመር አሰመረ።

«ገመዱን አትልቀቁት። ቀስ ብላችሁ አርግቡት ብቻ።»

«ሰራዊት!» አሉ ጋሽ ዲሳሳ።

«አርግቡት!»

ገመዱ ረገበ። መሬት ነካ። አሥራ ሁለት ወንዶች ትንፋሻቸውን ውጠው ቆሙ፤ ልቅሶውም በረደ፣ ሰው ሁሉ ምን እየሆነ እንዳለ ገባው። ሰራዊት ሰዓቱን አላየም። አምስት ደቂቃ ስንት እንደሆነ በሃያ ዓመት ሥራ ያውቀዋል። እስኪሞላ ጠበቀ፤ ከሞላም በኋላ ጠበቀ። ከዚያ አውራ ጣቱን ከመስመሩ አስነክቶ እንደዚያን ቀን እጁን ዘረጋ።

ጎማዋ አውራ ጣቱ ላይ ናት። የፀጉር ክር ታህል አልሄደችም። ከአውራ ጣቱ እስከ ትንሿ ጣቱ ያለው ስንዝር ባዶውን ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ቀረ።

ደንቡ መርማሪው ውጤቱን ለባለንብረቱ በቃል እንዲናገር ያዛል። ሰራዊት ቀና አለ። በመስኮቱ የሚታየው ካፖርቱ ነው።

«ብቁ ናት» አለ። «ኤልሳዕ፣ ብቁ ናት።»

እጁን ከመሬት ማንሣት አቃተው። እዚያው ጎማዋ ሥር ተንበርክኮ፣ ጣቶቹን እንደዘረጋ፣ ሰው እያየው እንደ ልጅ አለቀሰ። ማንም አልተጠጋውም። ኡመር ያነሣውን ድንጋይ እንደታቀፈ ቆሟል።

ማንጠግቦሽ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። አላየችውም። ያዘቀዘቀችውን የጥቁር ነጠላዋን ጫፍ ሰበሰበችና ድንጋዩ ላይ የተሰመረውን ነጭ መስመር፣ ከአውራ ጣቱ ሥር ጀምራ፣ ቀስ እያለች ጠረገችው። መስመሩ ጠፋ። ጠመኔው ነጠላዋ ላይ ቀረ።

ተነሥታ ሰልፉ ውስጥ ስትገባ አላራገፈችውም።